ምን ምኑን ለወጠው? ስለ ተለዋዋጮችና ስለ አንድ የባቄላ ሙከራ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪ እንጂ የሳይንስ ተማሪ አይደለም። ስለዚህ ከሳይንስ ፋኩልቲ የሆናችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ «ይህ ሰው በማን ዕርሻ ገብቶ ያርሳል?» ብትሉ አልቀየምም። ዳሩ ግን ባለፈው ክረምት ባለማወቄ የሠራሁት አንድ ስሕተት የአንዲት እናት የጓሮ ጎመን ላይ ጉዳት ስላደረሰ፥ ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር ተገደድሁ። የተማርሁትንም ለብቻዬ መያዝ ተገቢ ስላልመሰለኝ፥ ለእናንተ ለማካፈል ብዕሬን አነሣሁ።

1ኛ፤ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

ትምህርት ሲዘጋ ወደ ትውልድ መንደሬ ሄጄ፥ በሰኔ ወር አጋማሽ የ7ኛ ክፍል ልጆችን በፈቃዴ ማስተማር ጀመርሁ። ቋንቋ ላስተምር አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ልጆቹ የቸገራቸው ሳይንስ ነው ተባለና መጽሐፉ በእጄ ገባ። መጽሐፉም «ፍግ ለተክል ዕድገት ያለውን ጥቅም በሙከራ አሳዩ» ይላል። ቀላል ነገር መሰለኝ። አራት ባዶ ጣሳዎች ተፈለጉ፤ አፈር ተሞላባቸው፤ በእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ፍሬ ባቄላ ተዘራ። በሁለቱ ጣሳዎች ፍግ ጨመርን፤ ሁለቱን ያለ ፍግ ተውናቸው።

ፍጉ ትኩስ ስለ ነበረ ይሸታል። ስለዚህ ፍግ ያለባቸውን ጣሳዎች ሽታው ወደ ውጭ እንዲወጣ ብዬ በመስኮቱ ደፍ ላይ አኖርኋቸው። የቀሩትን ሁለቱን ከክፍሉ ጥግ፥ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኋቸው። በ14ኛው ቀን በማስመሪያ ለካን። በጥጉ ያሉት፥ ፍግ ያልነካቸው፥ በመስኮቱ ካሉት ይልቅ በጣም ረዝመው ተገኙ። ልጆቹ ተገረሙ፤ እኔም ተገረምሁ። ሆኖም አስተማሪ «አላውቅም» ማለት አይሆንለትምና፥ በሰሌዳው ላይ «ፍግ የተክልን ዕድገት ያቀጭጫል» ብዬ ጻፍሁ። ልጆቹም በደብተራቸው ገለበጡት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ባልከፋ ነበር። ከተማሪዎቼ አንዲቱ ልጅ ወደ ቤቷ ሄዳ፥ ጓሮአቸውን ለጎመን ሲያዘጋጁ ለነበሩት እናቷ «ፍግ ይጎዳል፤ በሙከራ አይተናል» ብላ ነገረቻቸው። እናቷ ከመደቡ ግማሹን ፍግ አልብሰውት ነበር፤ ልጃቸው የተማረችውን ላለመናቅ የቀረውን ግማሽ ያለ ፍግ ተከሉት። የተረፈውንም እበት ኩበት ጠፍጥፈው አነደዱት። በነሐሴ አጋማሽ በዚያ በኩል ሳልፍ ጠሩኝና መደቡን አሳዩኝ። የላይኛው ግማሽ ቅጠሉ ሰፊና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ የታችኛው ግማሽ ግን ቢጫና ድንክ ሆኖ ቀርቷል። ያም ጎመን ለቤተ ሰቡ ወጥ፥ ለገበያም የጨውና የዘይት መግዣ ነበር።

በሐፍረት ተውጬ የሙከራውን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኋቸው። ጣሳዎቹ የት የት እንደ ነበሩ ጠየቁኝ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ረዘመ ስላቸው ሳቁና «ልጄ፥ በጨለማ የበቀለ ሁሉ እኮ ይረዝማል። ጎተራ ሥር የወደቀ ባቄላ ሲበቅል አይተህ አታውቅም? ነጭ ሆኖ፥ እንደ ክር ቀጥኖ ይመዘዛል። ያ ዕድገት ነው?» አሉኝ። ቀጥለውም «የጎመኑስ ነገር ይሁን፤ ልጅቷ ግን ያንተን ቃል ከኔ ቃል አስበልጣለች። እንግዲህ አጣርተህ ንገራት» አሉኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጣራት ጀመርሁ።

2ኛ፤ ተለዋዋጭ ማለት ምን ማለት ነው?

በአንድ ሙከራ ውስጥ መጠኑ ወይም ዓይነቱ ሊለያይ የሚችል ነገር ሁሉ ተለዋዋጭ ይባላል። በአንድ ጣሳ ባቄላ ላይ እንኳ ብዙ ተለዋዋጮች አሉ፤ እነርሱም የአፈሩ ዓይነትና መጠን፥ የውሃው ልክ፥ ብርሃኑ፥ ሙቀቱ፥ የዘሩ ዘርያና ትልቀት፥ የተቀበረበት ጥልቀት፥ የጣሳው ስፋት፥ ከሥሩ ቀዳዳ መኖሩና አለመኖሩ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በሦስት ወገን ይከፈላሉ።

ሀ) ነጻ ተለዋዋጭ፤ ይህ ሞካሪው አስቦበት በገዛ እጁ የሚለውጠው ነገር ነው። በእኛ ሙከራ የፍጉ መኖርና አለመኖር መሆን ነበረበት።

ለ) ጥገኛ ተለዋዋጭ፤ ይህ በነጻው ተለዋዋጭ ምክንያት ይለወጥ እንደሆነ የምንጠብቀውና የምንለካው ውጤት ነው። ጥገኛ መባሉም በሌላው ላይ ስለሚደገፍ ነው። በእኛ ሙከራ የባቄላው ዕድገት ነበር።

ሐ) ቁጥጥር የሚደረግባቸው ተለዋዋጮች፤ እነዚህ የቀሩት ሁሉ ናቸው። በሁሉም ጣሳዎች ላይ እኩል ሆነው መጠበቅ አለባቸው።

ነጻውና ጥገኛው ለመለየት ለተቸገረ ሰው ቀላል ዘዴ አለ። «እኔ ይህን ስለውጥ ያ ምን ይሆናል?» ብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሥራ። «ይህን» በሚለው ቦታ የገባው ነጻው ነው፤ «ያ» በሚለው ቦታ የገባው ጥገኛው ነው። «ፍጉን ስለውጥ ዕድገቱ ምን ይሆናል?» ማለት ያስኬዳል። «ዕድገቱን ስለውጥ ፍጉ ምን ይሆናል?» ቢሉት ግን ትርጉም የለውም።

ከእነዚህ ሌላ፥ ነጻው ተለዋዋጭ ያልተነካበት ወገን ማነጻጸሪያ ይባላል። ያለ ፍግ የተተወው ጣሳ ማነጻጸሪያችን ነበር። ማነጻጸሪያ የሌለው ሙከራ አንድ ወገን ብቻ ቀርቦ እንደሚሰማበት ክርክር ነው፤ ሌላውን ወገን ያልሰማ ዳኛም ፍርዱ አይታመንም።

3ኛ፤ የእኔ ስሕተት የት የት ላይ ነበር?

አሁን በእነዚህ ቃላት ሙከራዬን እንመርምረው።

አንደኛው ስሕተት ሁለት ነገሮችን አንድ ላይ መለወጤ ነው። ፍግ ያለበት ጣሳ ብርሃንም ነበረው፤ ፍግ የሌለው ጣሳ ብርሃንም አልነበረውም። ስለዚህ በመካከላቸው የታየው ልዩነት ከፍጉ ይምጣ ከብርሃኑ ሊታወቅ አይችልም። ይህም ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ አንድ በር ገፍተው ሲከፍቱት «በሩን የከፈተው ማን ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። በሳይንስ ይህ የተለዋዋጮች መደበላለቅ ይባላል። የበለጠ የሚያስገርመው ግን መደበላለቁ በአጋጣሚ የመጣ አለመሆኑ ነው፤ ጣሳዎቹን ወደ መስኮቱ የወሰዳቸው ራሱ የፍጉ ሽታ ነበር። ነጻው ተለዋዋጭ ሌላውን ጐትቶት መጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት በልኬቱ ላይ ነው። «ዕድገት» ስል ቁመትን ብቻ ለካሁ። ነገር ግን ተክል ብርሃን ሲያጣ ለቅጠል አረንጓዴነት የሚያስፈልገውን ቀለም መሥራት ይሳነዋል፤ በፍሬው ውስጥ ያለውን ስንቅ ግንዱን በማርዘም ይጨርሰዋል፤ ይህንም የሚያደርገው ብርሃን ወዳለበት ለመድረስ ነው። ስለዚህ ረጅም፥ ቀጭንና ገርጣታ ይሆናል። የእኔ ማስመሪያ ያንን የጭንቀት ርዝመት ዕድገት ብሎ መዘገበው። ቁመት ብቻ ሳይሆን የቅጠል ብዛት፥ የግንድ ውፍረት፥ ቀለም፥ ከሁሉም ይልቅ ተክሉ ደርቆ ሲመዘን ያለው ክብደት ታይቶ ቢሆን ኖሮ ፍርዱ ሌላ በሆነ ነበር። ማለትም ጥገኛው ተለዋዋጭ ምን እንደሆነ መሰየም ብቻ አይበቃም፤ እንዴት እንደሚለካም አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ሦስተኛው ስሕተት ተክሉን መምረጤ ላይ ነው። ባቄላ ሲዘራ ሁለቱ ክኮች ለቡቃያው የመጀመሪያ ምግብ ይሆኑታል። ስለዚህ በ14 ቀን ውስጥ ገና ከእናቱ ስንቅ ስለሚበላ የአፈሩን ልምላሜ እምብዛም አይጠይቅም። ከዚህም በላይ ባቄላ ከጥራጥሬ ወገን ስለሆነ፥ በሥሩ ላይ በሚገኙት እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ያቀርቡለታል። ፍግ በዋናነት ከሚሰጠው ነገር አንዱ ናይትሮጅን እንደ መሆኑ፥ የፍግን ጥቅም በባቄላ ለማሳየት መነሣት ለጠገበ ሰው ምግብ አቅርቦ «ምግብ ጥቅም የለውም» እንደ ማለት ነው።

አራተኛውም «ፍግ» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ አለመወሰኔ ነው። ትኩስ ነው ወይስ የበሰበሰ? ስንት ማንኪያ? ትኩስ ፍግ ለጋ ቡቃያን ሊያቃጥል እንደሚችል ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ደግሞም ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ውሃ ይዞ የመቆየት ኀይሉ ይጨምራል። ስለዚህ ሁለቱን ጣሳዎች እኩል ውሃ ብናጠጣቸው እንኳ እርጥበታቸው እኩል ላይሆን ይችላል። እንግዲህ ተለዋዋጭ እንደ ሽንኩርት ነው፤ አንዱ ሲላጥ ሌላው ከሥሩ ይገኛል።

4ኛ፤ ከእኔ በፊት የተሳሳቱ ታላላቆች

በሐፍረቴ ላይ ትንሽ መጽናናት ያገኘሁት የሳይንስን ታሪክ ሳነብ ነው። ቫን ሄልሞንት የሚባለው የፍላንደርስ ሐኪም፥ በምድጃ የደረቀ 200 ፓውንድ አፈር መዝኖ በትልቅ ማሰሮ ሞላና 5 ፓውንድ የሚመዝን የአኻያ ችግኝ ተከለበት። 5 ዓመት ሙሉ ከውሃ በቀር ምንም አልጨመረበትም፤ አቧራ እንዳይገባም ማሰሮውን ከደነው። በመጨረሻ ዛፉ 169 ፓውንድ ከ3 አውንስ ያህል መዘነ፤ አፈሩ ግን የጐደለው 2 አውንስ ያህል ብቻ ነበር። ስለዚህ «እንጨቱም ቅርፊቱም ሥሩም ከውሃ ብቻ ተገኘ» ሲል ፈረደ። ይህ ሥራው እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1648 በታተመው መጽሐፍ ወጣ።

አፈሩን መመዘኑ፥ ዛፉን መመዘኑ፥ ክዳን ማድረጉ ሁሉ የሚደነቅ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ያላሰበው አንድ ተለዋዋጭ በማሰሮው ዙሪያ በየቀኑ ይነፍስ ነበር፤ እርሱም አየር ነው። ተክል ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወስዶ፥ በብርሃን ኀይል ከውሃ ጋር አዋሕዶ አካሉን እንደሚገነባ የታወቀው ቀስ በቀስ ነው። ጆን ውድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1699 ባሳተመው ጥናት የናና ዓይነት ተክሎችን በልዩ ልዩ ውሃ አሳድጎ፥ አፈር ከተቀላቀለበት ውሃ ያደጉት ከንጹሑ ውሃ ካደጉት እንደሚበልጡ አሳየ፤ ውሃ ብቻውን በቂ እንዳልሆነም ገለጠ። ያን ኢንገንሃውዝም እ.ኤ.አ. በ1779 የብርሃንን ድርሻ አስረዳ። አንድ የተዘነጋ ተለዋዋጭ ለመገኘት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው።

በእንግሊዝ አገር በሮትሃምስተድ የሚገኘው የብሮድባልክ የስንዴ ሙከራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1843 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ይቀጥላል። በዚያ ከተለያየው ዕርሻ አንዱ ቁራጭ ፍግ፥ ሌላው የፋብሪካ ማዳበሪያ ሲቀበል፥ አንዱ ቁራጭ ግን ምንም ሳይቀበል ማነጻጸሪያ ሆኖ ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ1919 ወደዚያ የመጣው ሮናልድ ፊሸር አንድ ትልቅ ነገር አስተማረ። አንድ ዕርሻ በዐይን እኩል ቢመስልም ከሥሩ እኩል አይደለም፤ አንዱ ጥግ ውሃ ይቋጥራል፥ ሌላው ድንጋያማ ነው። ሁሉን ልንቆጣጠር ስለማንችል፥ የትኛው ቁራጭ ማዳበሪያ እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰን አለ። ዕጣ ለማንም አያደላም፤ የሞካሪው ምኞትም የፍጉ ሽታም አይጐትተውም። ይህንም እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ስለ ሙከራ አነዳደፍ በሚናገር መጽሐፉ በሰፊው አብራራው። ለእኛ አገር ሰው ዕጣ ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሳይንስ መዋሉ ግን ልብ ሊባል ይገባል።

5ኛ፤ ሁለተኛው ሙከራ

በዚህ ትምህርት ተደግፈን በነሐሴ መጨረሻ ሙከራውን ከልጆቹ ጋር እንደገና ሠራነው። በዚህ ጊዜ ባቄላን ትተን፥ እኒያው እናት ከሰጡን የጎመን ችግኝ ሁለት ሁለት ቅጠል ያላቸውንና እኩል የሆኑትን 8 መረጥን። 8 ጣሳዎች አንድ ዓይነት ሆነው ከሥራቸው ተበሱ፤ አፈሩ ከአንድ ቦታ ተቆፍሮ፥ ተነፍቶ፥ ተቀላቅሎ በእኩል ስኒ ተሰፈረ። የበሰበሰ ፍግ ብቻ ተጠቀምን፤ መጠኑም ለአንዱ ጣሳ 3 የሾርባ ማንኪያ ሆነ። የትኛው ጣሳ ፍግ እንደሚያገኝ ልጆቹ ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አወጡ። ሁሉም በአንድ መስኮት ተደረደሩ፤ በየሦስት ቀኑም ቦታ ይለዋወጡ ነበር። ቅጠል የሚቈጥረው ልጅ የትኛው ፍግ እንዳለበት እንዳያውቅ፥ በጣሳዎቹ ላይ ቍጥር ብቻ ጻፍን፤ ዝርዝሩም በእኔ ኪስ ቆየ።

ከአራት ሳምንት በኋላ ፍግ ባገኙት ላይ 6፥ 5፥ 6 እና 4 ቅጠል ተቈጠረ፤ ባላገኙት ላይ ደግሞ 4፥ 4፥ 5 እና 3። አማካዩ በፊተኛው 5.25፥ በኋለኛው 4 መሆኑ ነው። አንባቢ ግን አንድ ነገር ልብ ይበል። ፍግ ካገኙት አንዱ 4 ቅጠል ብቻ አወጣ፤ ካላገኙት ደግሞ አንዱ 5 አወጣ። እነዚህን ሁለቱን ብቻ ተክለን ቢሆን ኖሮ፥ ጥንቃቄያችን ሁሉ እንዳለ ሆኖ፥ «ፍግ ይጎዳል» ብለን ዳግመኛ እንጽፍ ነበር። አንዱ ችግኝ ከሌላው የሚለይበት የራሱ ተፈጥሮ ስላለው፥ ሙከራን በብዙ መድገም ያስፈልጋል። 8 ጣሳም ቢሆን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ በሰሌዳው ላይ የጻፍሁት «ፍግ ያገኘው በአማካይ ብዙ ቅጠል አወጣ፤ በብዛት ተደግሞ ይታይ» የሚል ነበር። ያች ልጅም የፊተኛውን ዐረፍተ ነገር በደብተሯ ላይ በአንድ መስመር ሰረዘችው። እንዳትፍቀው ነገርኋት፤ ስሕተቱ ይታይ፥ ለሌላ ጊዜ ይጠቅማል።

ስለ እናቷ መደብም ጠየቀችኝ፤ ያ ራሱ ማስረጃ አይደለምን? ማስረጃ ነው፤ ነገር ግን ደካማ ማስረጃ ነው፤ ምክንያቱም ፍግ ያላገኘው የታችኛው ግማሽ ስለሆነ የክረምቱ ውሃ የሚቋጥረው በዚያ ነው። ቢጫ ያደረገው ውሃው ይሁን የፍጉ ማነስ በዚያ መደብ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ይህን ለእናቷ ስነግራቸው «አሁን ተማርህ» አሉኝ። በምረቃ ቀን ከማገኘው ወረቀት ይልቅ ይህ ቃል እንደሚከብደኝ አልጠራጠርም።

6ኛ፤ ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ይህ ነገር የጣሳና የችግኝ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአገራችን ከእ.ኤ.አ. 2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጤፍን በመበተን ፈንታ በመስመር የመዝራት ዘዴ በሰፊው ለገበሬው ቀርቧል። ከመስመሩ ጋርም የዘሩ መጠን እንዲቀንስ ይመከራል፤ ብዙ ጊዜም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አብረው ይመጣሉ። ምርት ቢጨምር ያስጨመረው የቱ ነው? መስመሩ ነው? የዘሩ ማነስ ነው? ዘርያው ነው? ማዳበሪያው ነው? ወይስ መስመር ለአረም ስለሚመች አረሙ በደንብ መታረሙ ነው? በመስመር መዝራት ብዙ ጕልበት ስለሚጠይቅ፥ ጥያቄው ለገበሬው የቃላት ጥያቄ ሳይሆን የወገብና የቀን ጥያቄ ነው። የማይጠቅመውን ከሚጠቅመው ጋር አስረን ብናሸክመው ድካሙን የሚከፍለው እርሱ ነው።

እኛ የአርትስ ተማሪዎችም ከዚህ አናመልጥም። «ከፊት ወንበር የሚቀመጡ ተማሪዎች ከፍተኛ ውጤት ያገኛሉ፤ ስለዚህ ከፊት መቀመጥ ዐዋቂ ያደርጋል» ሲባል ሰምተን ራሳችንን እንነቀንቃለን። ነገር ግን ወንበሩን በዕጣ አላደለንም፤ ከፊት የሚቀመጠው ቀድሞም ትጉ የሆነው ሊሆን ይችላል። በታሪክም አንድ መንግሥት የወደቀበትን ዘመን ስናጠና፥ ድርቁም ጦርነቱም የገበያው መናርም በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ እኛም የወደድነውን አንዱን መርጠን «ምክንያቱ ይህ ነው» እንላለን። ታሪክን በጣሳ ተክለን መድገም አንችልም። ስለዚህም ነው ከሳይንስ ተማሪ ይልቅ የእኛ ጥንቃቄ ሊበልጥ የሚገባው።

ለልምምድ ያህል

1) አንድ ተማሪ ሁለት ጣሳ ስንዴ ዘርቶ አንዱን በየቀኑ፥ ሌላውን በየሳምንቱ ያጠጣል። ነጻው፥ ጥገኛውና ቁጥጥር የሚደረግባቸው ተለዋዋጮች የትኞቹ ናቸው? አንድ ጊዜ የሚያጠጣው ውሃ በሁለቱም እኩል ቢሆን፥ የለወጠው የማጠጫውን ጊዜ ነው ወይስ የውሃውን ድምር?

2) አንዲት ተማሪ የምስርን ቡቃያ በቀይና በሰማያዊ ብርጭቆ ወረቀት ከድና ታነጻጽራለች። ከቀለሙ ሌላ ወረቀቶቹ ምን ነገር ሊለውጡ ይችላሉ?

3) ባለፈው ሳምንት በመኝታ ቤት ከተከራከራችሁበት ነገር አንዱን ውሰዱና «እኔ ይህን ስለውጥ ያ ምን ይሆናል?» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡት። አብሮ የተለወጠ ሌላ ነገር አልነበረምን?

መልሱን እያንዳንዱ በደብተሩ ጽፎ ከጎረቤቱ ጋር ይመርምረው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥም እኔ የዘነጋሁት ተለዋዋጭ ቢኖር፥ የሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቼና እኅቶቼ በሚቀጥለው እትም እንዲያርሙኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፥ መታረም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያልተመረመረ ቃል በሰው ጓሮ መዝራት ነው።